«ሲስተም የለም»፦ ከመካነ ሰላም መስኮት እስከ አዲስ አበባ የመረጃ ቋት

«ሲስተም የለም» የምትለው አጭር አነጋገር ከአገራችን የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ጋር ከተዋሐደች ሰነባብታለች። በባንክ መስኮት ትሰማለች፤ በቴሌ ማዕከል ትሰማለች፤ ግብር ለመክፈል በተሰለፉበትም መታወቂያ ለማውጣት በተቀጠሩበትም ትሰማለች። የሚናገራት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ምክንያቱን አያውቅም፤ የሚሰማት ተገልጋይም አይጠይቅም። ሁለቱም እንደ ዝናብ መቅረት ከላይ የመጣ ነገር አድርገው ይቀበሏታል።

ሲስተም ግን እንደ ዝናብ አይደለም። ሰው የሠራው፣ ሰው የሚያስተዳድረው፣ ሲበላሽም መርምሮ የሚደረስበት ምክንያት ያለው ነገር ነው። «ሲስተም የለም» የበሽታ ስም እንጂ ምርመራ አይደለም። እንዲያውም ቢያንስ ሦስት የተለያዩ በሽታዎች የሚጠሩበት አንድ የወል ስም ነው። በሽታዎቹ ተለይተው ሳይታወቁ የሚሰጥ መድኃኒት ደግሞ ውጤቱ የታወቀ ነው፦ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ከመካነ ሰላም ሲታይ

ለአዲስ አበባ ነዋሪ የሲስተም መቋረጥ መጠነኛ ብስጭት ነው። አንዱ ባንክ እምቢ ሲል ሌላው ይሞከራል፤ ኤቲኤሙ ሲዘጋ መንገዱን ተሻግሮ ሌላ ይገኛል። የደቡብ ወሎን ምዕራባዊ ደጋ ይዘን ስናየው ግን ነገሩ መልኩን ይለውጣል። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳውን በምዕራብ በኩል ከምሥራቅ ጎጃም የሚለየው ጥልቁ የአባይ ሸለቆ ነው፤ ወደ ዞኑ ዋና ከተማ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድም ደጋ ለደጋ የሚጓዝ ረጅም መንገድ ነው። ከከተማዋ ውጪ ካለ ቀበሌ ሌሊት ተነስቶ በእግሩ ለመጣ ገበሬ፣ ልጁ ከዓረብ አገር የላከችለትን ገንዘብ ሊያወጣ ተሰልፎ «ሲስተም የለም» ሲባል የጠፋው አንድ ሰዓት አይደለም። አንድ ቀን ጠፍቷል። ነገ ደግሞ እንደገና ሌላ ቀን ይጠፋል። የገበያ ቀን ከሆነ ሊገዛ ያሰበው ማዳበሪያ ወይም በሬ አምልጦታል ማለት ነው።

ከተማዋ የመንግሥት ሠራተኞች መቀመጫና የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ መገኛም ናት። የመምህሩ ደመወዝ፣ የተማሪው የኪስ ገንዘብ፣ የነጋዴው ክፍያ የሚያልፉት በዚያው ሩቅ ሆኖ በማይታይ የመረጃ ቋት ወይም ዳታቤዝ በኩል ነው። ቋቱ ያለው ግን ከዚያ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። እዚህ ላይ ሊነሳ የሚገባው ጥያቄ፣ መስኮቱ ላይ «የለም» የተባለው በእርግጥ የትኛው ነው የሚለው ነው።

ሦስት በሽታ በአንድ ስም

የመጀመሪያው በሽታ መብራት ነው። ቅርንጫፉ መብራት ከሌለው፣ ጄኔሬተሩም ነዳጅ ካጣ፣ የመረጃ ቋቱ ጤናማ ሆኖ ሳለ መስኮቱ ይዘጋል። ሁለተኛው መስመሩ ወይም ኔትወርኩ ነው። ኔትወርክ የሚቋረጠው በገመድ መበጠስ ብቻ እንዳልሆነ የአማራ ክልል ነዋሪ በሚገባ ያውቃል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ወቅት የጠፋውን አገልግሎት በ«ሲስተም» ማሳበብ የኢንጂነር ጉዳይ ያልሆነውን ነገር የኢንጂነር ማድረግ ነው።

ሦስተኛው በሽታ የመረጃ ቋቱ ራሱ ነው። ከሦስቱ ሁሉ ለመለየት የሚያስቸግረው ይኸኛው ነው። መብራት ወይ አለ ወይ የለም፤ ዳታቤዝ ግን «ታሞ የሚሠራ» ነገር ነው። ጠዋት ይፈጥናል፣ ከሰዓት ይንቀረፈፋል። በወሩ አጋማሽ ይሠራል፣ የደመወዝ ቀን ይሰነካከላል። ቀሪ ሒሳብ ያሳያል፣ ዝውውር ግን እምቢ ይላል። ብር ከአንዱ ይቀንሳል፣ ለሌላው ግን ሳይደርስ ይዘገያል። እነዚህ ምልክቶች በጥንቃቄ ከተመዘገቡ ራሳቸው ምርመራ ናቸው። በሰዓት የሚመላለስ መቀርፈፍ የጫና ምልክት ነው። ንባብ እየሠራ ጽሑፍ ብቻ የሚከሽፍ ከሆነ የመቆለፍ ወይም የዲስክ መሙላት ምልክት ሊሆን ይችላል። ከአንድ የተወሰነ ቀን ጀምሮ የመጣ ችግር ከሆነ ደግሞ በዚያ ቀን ምን ተቀየረ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ምልክቱን የሚያየው ግን የመካነ ሰላሙ የመስኮት ሠራተኛ ነው፤ መድኃኒቱ ያለው አዲስ አበባ ነው። በሁለቱ መካከል «ሲስተም የለም» የሚል አንድ ቃል ብቻ የሚመላለስ ከሆነ ምርመራው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል።

ሲያድግ የሚጋለጥ ጉድለት

ብዙ ሲስተሞች ሲጀመሩ ጥሩ ናቸው። የሚታመሙት ሲያድጉ ነው። ለምን ቢሉ የቀበሌ መዝገብ ቤትን ማሰብ ይበቃል። አምስት መቶ ፋይል ባለበት ቤት ጸሐፊው መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር አገላብጦ የተፈለገውን ያገኛል። ፋይሉ አምስት መቶ ሺህ ሲደርስ ግን በስም ቅደም ተከተል የተዘጋጀ ማውጫ ከሌለው ሰልፉ ግቢውን ሞልቶ ይወጣል። በዳታቤዝ ቋንቋ ይህ ማውጫ ኢንዴክስ ይባላል። የኢንዴክስ አለመኖር በሙከራ ጊዜ አይታይም፤ የሚታየው ሕዝብ ሲመጣ ነው።

ሁለተኛው የእድገት በሽታ የመግቢያ በር ጥበት ነው። ዳታቤዝ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው የግንኙነት ብዛት የተወሰነ ነው። አንድ ቀርፋፋ ጥያቄ በሩን ይዞ ከቆመ ከኋላው ያሉት ፈጣኖች ሁሉ ይቆማሉ። ሦስተኛው መቆላለፍ ነው። አንዱ ጸሐፊ የአልማዝን መዝገብ ይዞ የከበደን ይጠብቃል፤ ሌላው የከበደን ይዞ የአልማዝን ይጠብቃል፤ ሁለቱም ሳይንቀሳቀሱ ይመሻል።

በእነዚህ በሽታዎች ላይ አለቆች በብዛት የሚያዙት መድኃኒት አንድ ዓይነት ነው፦ ትልቅ ሰርቨር ግዙ። ይህ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ መድኃኒት ነው። ማውጫ ለሌለው መዝገብ ቤት ሰፊ አዳራሽ መከራየት ጸሐፊውን የበለጠ ያሯሩጠው ይሆናል እንጂ ፋይሉን አያስገኝም። ከግዢ በፊት ሲስተሙ ራሱ የሚጽፈውን ማስታወሻ፣ ባለሙያዎች ሎግ የሚሉትን፣ ማንበብ ይቀድማል። የትኛው ጥያቄ ስንት ሰከንድ ፈጀ? በየትኛው ሰዓት? ማንን ጠብቆ? ምላሹ እዚያ ተጽፎ ይገኛል።

ይህን ስሕተት የምንሠራው እኛ ብቻ አይደለንም። የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን መሸጫ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2013 ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን ተመዝግበው የጨረሱት ስድስት ሰዎች ብቻ እንደነበሩ በኋላ ይፋ የሆኑ ሰነዶች አሳይተዋል። ገንዘብም ባለሙያም ያልጎደለው አገር ነው። የጎደለው የሲስተሙን ጤንነት በአንድ እይታ የሚያሳይ መለኪያ እና ለጠቅላላው ሥራ ተጠያቂ የሆነ አካል ነበር። ለማዳን የተጠራው ቡድን ከቀደሙት ሥራዎቹ አንዱ መለኪያ መትከል ነበር፤ ቀጥሎም ደጋግመው የሚጠየቁ መረጃዎች በየጊዜው ከዳታቤዙ እንዳይወጡ አስቀድመው ተዘጋጅተው እንዲቀመጡ አደረገ።

የፈተና ውጤት ቀን

ይህ የመጨረሻው ዘዴ ለእኛ ቅርብ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ሰዓት ድረ ገጹ አልከፍት ማለቱ ለኢትዮጵያ ወላጅ አዲስ ነገር አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተናውን የወሰዱት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች ናቸው። እያንዳንዱ ተማሪ፣ ወላጁ፣ ወንድሙና ጎረቤቱ በአንድ ሌሊት አሥር ጊዜ ቢሞክሩ ቁጥሩ የት እንደሚደርስ አንባቢ ይገምት።

ይሁንና ይህ ከባንክ ጋር ሲነጻጸር ቀላሉ በሽታ ነው። የፈተና ውጤት አንዴ ከወጣ አይለዋወጥም። የሚነበብ እንጂ የሚጻፍ ነገር የለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጠያቂ ዳታቤዙን መቀስቀስ አያስፈልግም፤ ውጤቱን አስቀድሞ በገጽ በገጽ አዘጋጅቶ፣ በብዙ ሰርቨሮች ላይ አሰራጭቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ውጤቱን ከድረ ገጽ በተጨማሪ በአጭር መልእክትና በቴሌግራም ቦት መልቀቅ የተጀመረውም ጫናን ከመከፋፈል አንጻር ትክክለኛ አቅጣጫ ነው። አጭር መልእክት ኢንተርኔት ለማይደርሰው የሳይንት ወይም የወግዲ ተማሪ ብቸኛ መንገድ ሊሆን እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም።

የባንክ መዝገብ ግን እያንዳንዷ ሰከንድ የሚጻፍበት ነው። እዚህ የትናንቱን ገጽ ማሳየት አይቻልም፤ የትናንቱ ቀሪ ሒሳብ ዛሬ ሐሰት ነው። ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ መድኃኒት ለማከም መሞከር አደጋ አለው።

የመጋቢት 2016 ሌሊት

የአደጋውን ስፋት አገሪቱ ያየችው ከመጋቢት 6 ወደ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ባነጋው ሌሊት ነው። በዚያ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው በላይ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ የፈቀደባቸው ሰዓታት ነበሩ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች በስልክ ተዛመተ፤ በኤቲኤሞች ፊት ሰልፍ ተሠራ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ በሰጡት መግለጫ በእነዚያ ሰዓታት ከ490 ሺህ የሚበልጡ ዝውውሮች እንደተካሄዱ፣ ያላግባብ የተወሰደው ገንዘብም 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደሆነ ተናግረዋል። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልደረሰበት ሲያስታውቅ፣ ብሔራዊ ባንክ በበኩሉ ክስተቱ ከመደበኛ የጥገናና የፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጿል። ከገንዘቡ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው በሳምንታት ውስጥ ተመለሰ፤ ያልመለሱት ሰዎችም ስማቸው ይፋ ተደረገ።

የሕዝቡ ወሬ በገንዘቡና በተማሪዎቹ ላይ አተኮረ። ለባለሙያ ግን ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበው «የጥገናና የፍተሻ ሥራ» የሚለው ሐረግ ነው። ችግሩ ከውጭ የመጣ ሌባ አልነበረም፤ ከውስጥ የመጣ ለውጥ ነበር። በዓለም ላይ ታላላቅ ሲስተሞች የሚወድቁበት ዋነኛው ምክንያትም ይኸው ነው። የእንግሊዙ ቲ.ኤስ.ቢ. ባንክ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ከአምስት ሚሊዮን በላይ ደንበኞቹን ወደ አዲስ ሲስተም ሲያዛውር ደንበኞች ለሳምንታት ሒሳባቸውን ለማየት ተቸገሩ። የአገሪቱ ተቆጣጣሪዎች ጉዳዩን ዓመታት ፈጅተው ከመረመሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በባንኩ ላይ የ48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጣሉ። ቅጣቱ የተጣለው ገንዘብ ለወሰደ ደንበኛ ሳይሆን ለውጡን በቅጡ ሳይፈትን ላካሄደው ተቋም ነበር።

በማንኛውም ባንክ ዘንድ ሁለት ጥበቃዎች ከዚህ ይማራሉ። አንደኛው «ቀሪ ሒሳብ ከዜሮ በታች አይውረድ» የሚለው ደንብ በሞባይል መተግበሪያው ወይም በኤቲኤሙ ላይ ብቻ ሳይሆን በራሱ በዳታቤዙ እምብርት ውስጥ መጻፍ ያለበት መሆኑ ነው። ከላይ ያለው በር በጥገና ምክንያት ቢከፈት እንኳ የውስጡ በር እንደተቆለፈ ይቆያል። ሁለተኛው፣ ማንኛውም ለውጥ መቼ፣ በማን፣ ለምን እንደተደረገ ተመዝግቦ ችግር ሲታይ ወዲያው የሚመለስበት መንገድ አስቀድሞ የተዘጋጀ መሆን ይገባዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።

የግማሽ መንገድ ብር

ከዚህ ትልቅ ክስተት ይልቅ የመካነ ሰላምን ሰው በየዕለቱ የሚነካው ግን ትንሹ በሽታ ነው። ደንበኛው በስልኩ ሁለት ሺህ ብር ላከ። ትእዛዙ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ብሩም ተቀነሰ። «ተሳክቷል» የሚለው ምላሽ ሲመለስ ግን ደጋው ላይ ኔትወርኩ ተቆረጠ። ሰውየው ያየው የሚሽከረከር ክብ ብቻ ነው። አልሄደም ብሎ ደግሞ ይነካዋል። አሁን ስንት ብር ተላከ? ሁለት ሺህ ወይስ አራት ሺህ?

ምላሹ የሚወሰነው በሠሪው ጥንቃቄ ነው። ለእያንዳንዱ የዝውውር ሐሳብ ገና ከስልኩ ሳይወጣ አንድ መለያ ቁጥር ከተሰጠው፣ ዳታቤዙም ያንኑ ቁጥር ሁለት ጊዜ አልቀበልም ካለ፣ ደንበኛው አሥር ጊዜ ቢነካ ብሩ አንዴ ብቻ ይቀነሳል። ይህ ካልተደረገ የደካማ ኔትወርክ ሰው ሁለቴ ይከፍላል። ቦሌ ላይ ሆኖ ሲስተሙን የሚፈትን ባለሙያ ይህን ጉድለት ፈጽሞ ላያየው ይችላል፤ ኔትወርኩ አይቆረጥበትማ። በሌላ አነጋገር የአዲስ አበባው ዳታቤዝ እውነተኛ ፈተና የሚሰጠው መካነ ሰላም ላይ ነው።

ይህ ጥቃቅን ጉዳይ እንዳይመስለን። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ኢትዮ ቴሌኮም ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ማፍራቱን አስታውቋል። ንግድ ባንክም በመጋቢቱ ክስተት ወቅት ከ38 ሚሊዮን በላይ የሒሳብ ባለቤቶች እንደነበሩት ተዘግቧል። ከሺህ ዝውውሮች አንዱ ብቻ በግማሽ መንገድ ቢቀር እንኳ በዚህ ስፋት ላይ በየዕለቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቤተሰብ ይነካል። አሁን ደግሞ የፋይዳ መታወቂያ ከባንክ ሒሳብ ጋር እየተሳሰረ ነው። ነገ የታመመው ቋት የሚያስቀረው ብር ብቻ ሳይሆን ማንነትም ይሆናል ማለት ነው።

ማን ይታመናል?

እዚህ ላይ የነገሩ ዋና ጭብጥ ይመጣል። ሲስተሙ አንድ ነገር፣ ሰውየው ሌላ ነገር ሲሉ የሚታመነው ማን ነው? የእንግሊዝ ፖስታ ቤት የሰጠው መልስ ለዓለም ትምህርት ሆኗል። ፉጂትሱ የሠራው ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሲስተም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በየቅርንጫፉ የሌለ ጉድለት ሲያሳይ፣ ተቋሙ «ሲስተሙ አይሳሳትም» ብሎ የቅርንጫፍ ኃላፊዎቹን ከሰሰ። ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆትና በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባሉ፤ የታሰሩም፣ ቤታቸውን ያጡም ነበሩ። ፍርድ ቤት ሲስተሙ ስሕተት እንደነበረበት ያረጋገጠው በታኅሣሥ 2019 ነው። ፍርዶቹን በጅምላ የሚሰርዘው ሕግ የወጣው ደግሞ በግንቦት 2024 ነው።

በመጋቢት 2016 ከሒሳቡ በላይ እያወቀ ያወጣ ሰው ገንዘቡን መመለስ እንዳለበት አያከራክርም። ነገር ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ብሩ ተቀንሶበት ያልደረሰለት ገበሬስ? በየትኛው ማስረጃ ይከራከራል? ማስረጃው ያለው በሎጉ ውስጥ ነው፤ ሎጉ ያለው በተቋሙ እጅ ነው። ተቋሙ ባወቀው መጠን ሲጠየቅ የሚናገርበት፣ ደንበኛውም በመለያ ቁጥሩ የዝውውሩን ጉዞ ደረጃ በደረጃ የሚያይበት አሠራር ከሌለ ደካማው ወገን ሁልጊዜ ተሸናፊ ነው።

በሽታውን የደበቀ

በተቃራኒው መንገድ የሄዱ አሉ። ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ሌሊት አንድ ባለሙያው የተዛባ የዳታቤዝ ቅጂ ሲያስተካክል ተሳስቶ ዋናውን ማኅደር ሰረዘ። 300 ጊጋባይት ገደማ ጠፋ። መጠባበቂያ ቅጂዎቹ ሲፈለጉ በየዕለቱ ይወሰዳሉ የተባሉት ቅጂዎች ለካ ሳይወሰዱ ቆይተዋል፤ ማስጠንቀቂያውም ለሰው አልደረሰም። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት አንድ ባለሙያ ለሌላ ሥራ በእጁ ያነሳው ቅጂ ነበር። ኩባንያው ግን አልደበቀም። ጥገናውን በቀጥታ ለሕዝብ አስተላለፈ፤ የስሕተቱንም ዝርዝር ታሪክ ጽፎ አወጣ። ያን ባለሙያም አላባረረም። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ባለሙያዎች «መልሰህ ያልሞከርከው መጠባበቂያ፣ መጠባበቂያ አይደለም» የሚለውን ትምህርት ሲሰጡ የሚጠቅሱት ይህንኑ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን የእኛን ብሂል ፈረንጆቹ በተግባር ኖሩት ማለት ነው።

በእኛ አገር ምን ይደረግ? የሚጠየቀው ነገር ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ የመስኮት ሠራተኛው «ሲስተም የለም» ከማለት ይልቅ መብራት፣ መስመር ወይስ ዋናው ቋት እንደሆነ ለይቶ እንዲናገርና እንዲመዘግብ ይደረግ። ይህ ከአንድ ወረቀት በላይ አይፈልግም፤ ከመቶ ቅርንጫፎች ሲሰበሰብ ግን ትልቅ የምርመራ መረጃ ነው። ሁለተኛ፣ አዲስ አገልግሎት ከመለቀቁ በፊት ኔትወርኩ በሚቆራረጥበት ቦታ ይፈተን። ሦስተኛ፣ መጠባበቂያ ቅጂዎች በየጊዜው ተመልሰው ይሞከሩ። አራተኛ፣ ብሔራዊ ባንክ ከፍተኛ መቋረጥ ያጋጠመው ተቋም በተወሰነ ቀን ውስጥ ምክንያቱንና ማስተካከያውን በጽሑፍ ለሕዝብ እንዲያሳውቅ ያስገድድ። አምስተኛ፣ ለተንጠለጠሉ ዝውውሮች ገንዘቡ የሚመለስበት የጊዜ ገደብ ይቀመጥ፤ ገደቡ ካለፈ የማስረዳቱ ሸክም በተቋሙ ላይ ይሁን።

አገሪቱ ከወረቀት ወደ ቋት ለመሻገር ወስናለች፤ ውሳኔው የሚነቀፍ አይደለም። ወረቀት ሲጠፋ ግን መዝገብ ቤቱን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ጸሐፊ ነበር፤ ተገልጋዩም ስሙን ጠርቶ ይከራከረው ነበር። ቋቱ ስም የለውም። ስለዚህ ስም ያለው ተጠያቂ ሊቆምለት ይገባል። ያ እስኪሆን ድረስ «ሲስተም የለም» ስንባል የሌለው ምን እንደሆነ መጠየቅ መብታችን ብቻ ሳይሆን ግዴታችንም ነው። ሌሊት ተነስቶ መካነ ሰላም የገባው ገበሬ ሊጠይቅ ባይችል እንኳ፣ ሲስተሙን የምንሠራው፣ የምንመራውና የምንቆጣጠረው ልንጠይቅለት ይገባል።